የሁዳዴ መስካል

አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ መንገድ ሊታጠፍ ሲል እታገኝ ሾፌሩን ለምና ከፌርማታው በፊት ወረደችና በእግሯ ገሰገሰች። ዘመኑ የቶሮንቶው ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ለባቡር ተብሎ ተቆፍሮ አልዘጋ ካለ አሥራ አንደኛው ዓመት ነበር። የጃማይካ ፀጉር ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ከብርቱካናማ በርሜልና ከጣውላ አጥር ጀርባ ተሸሽገው «ክፍት ነን» የሚል ሸራ ዘርግተዋል፤ ደንበኛ በየትኛው ቀዳዳ ሾልኮ እንደሚመጣ ግን እግዜር ይወቀው። የጭምብል ግዴታ ከተነሳም ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ግማሹ ሕዝብ አውልቆ ጥሏል፣ ግማሹ መንግሥትን አላመነም። እታገኝ ካላመኑት ወገን ነበረች፤ ዛሬ ግን ጭምብሏን የፈለገችው ለበሽታ አልነበረም።

ከትናንት ወዲያ በምትሠራበት መጠጥ ቤት የቀጠሮ ታብሌት ላይ አንድ ስም አይታለች። ባሮክ በየነ፤ ሰባት ሰው፤ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ የአባት የጡረታ ግብዣ፤ ሁሉም ቪጋን። ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ሳቀች። ባሏ እሸቱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የባሮክ አባት አቶ በየነ የመረዳጃ እድሩ ሊቀመንበር ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፣ ሚስቱ እንኳ እንግዳ ፊት «ሊቀመንበር» ትለዋለች ይባላል። ከሦስት ዓመት ከአራት ወር በፊት፣ በነቢያት ጾም፣ የእሸቱ የአርባ ቀን ተዝካር የወጣው በእድሩ አዳራሽ ነበር። ያን ጊዜ ከኢስት ዮርክ እስከ ዌስተን ሠርግም ሆነ ሐዘን ያለ እታገኝ ወጥ አይሆንም ነበር። ለባሏ ተዝካርማ ያልለፋችው ልፋት የለም። ዘይቱን ልክ እንደ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ አነጠረችው፤ ሽሮውን በዚያ ሠራችው። ሁለት መቶ ሰው ገና አንድ ሁለት እንደጎረሰ በየነ ተነሣ። ጉርሻውን በናፕኪን ተፋና ማይክሮፎኑን ጨበጠ።

«ምእመናን፣ እጃችሁን አንሡ። ይኼ ወጥ ቅቤ አለበት።»

እታገኝ ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጠች። ዘይት ነው፣ ኮሰረት ነው፣ መጥታችሁ ድስቱን እዩት ብላ ለመነች። እሱ እንኳን ሊሰማት ወደሷም አልዞረም። «ሽታው ይመሰክራል» አለና ማይኩን አጠፋው። ሰው እጁን እየታጠበ ወጣ። አንዲት ሴት ብቻ፣ የሰማንያ ዓመቷ እትዬ ወለተማርያም፣ ሳህናቸውን ጥርግ አድርገው እስኪጨርሱ ከወንበራቸው አልተነሡም። «እኔ ቅቤ አላየሁም» አሉ፣ ነፍስ ይማር አሉ፣ ከዚያ ወጡ። የቀረው ምግብ ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ተሞልቶ ከአዳራሹ ኋላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥ ሥሪልኝ ያላት የለም። ስሟም «ቅቤዋ» ሆኖ ቀረ። ስሙንስ ትችለው ነበር። የእግር እሳት የሆነባት ያ ላስቲክ ነው። ለእሸቱ ነፍስ ያለችው ከሙዝ ልጣጭ ጋር ተጣለ፤ ይህን ባሰበች ቁጥር ጥርሷ ይፋጫል።

ምግብ ማብሰሉ ሲቀር ሳህን ማጠብ መጣ። የተቀጠረችው ዶኛ ሊብራዳ የምትባል ሜክሲኳዊት መስካል ቤት ነው። ዶኛ ማለት በእኛ እመቤት እንደ ማለት ነው፤ ሴትየዋ ከኦሃካ ተራሮች የመጣች፣ አጭር፣ ቁጡ፣ ልበ ሰፊ ናት። ወንድሟ እዚያው መስካል የሚባለውን የአገሩን አረቄ ያወጣል። መስካሉ የሚወጣበት ተክል አጋቬ ይባላል፤ ለእኛ ሰው ቃጫ ቢሉት ይገባዋል። የእርሻውን ማንም ያገኘዋል። የጫካው ግን ገደል ላይ ብቻውን በቅሎ፣ አሥራ አምስት ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ወንድምየው በአህያ ወጥቶ ያመጣዋል፣ እምብርቱን ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ አፍኖ ለቀናት ያበስለዋል፣ በእንጨት ይወቅጠዋል፣ አብላልቶም በሸክላ ድስት ያወጣዋል። ዶኛ የመጀመሪያው ሳምንት በስልኳ ቪዲዮ ስታሳያት፣ እታገኝ ከሸክላው ጎን የወጣችውን መቃ አየችና «ይኼማ የእናቴ ነው!» ብላ ጮኸች። እናቷ ሰላሌ ሳሉ የሚያወጡት ዳግም አረቄ ጠብ ይል የነበረው በእንዲህ ዓይነት መቃ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዶኛ ከሳህኑ አነሣቻትና መስካሉን አስያዘቻት። እታገኝ ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጋ ዶቃ ዶቃ የሚያክለው አረፋ ምን ያህል እንደሚቆይ እያየች የቱ ጠንካራ እንደሆነ፣ የቱን ውሃ እንደነካው ትናገራለች። ተሳስታ አታውቅም።

ከመደርደሪያው ጫፍ ግን እሷ ቀምሳው የማታውቅ አንድ ጠርሙስ አለ። የበዓል መስካል ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ ጥሬ የዶሮ ደረት በገመድ ታስሮ ሸክላው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ እንፋሎቱ በሥጋው መካከል አልፎ ይወርዳል። ሲያዩት እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሲጠጡትም ጭሱና ልስላሴው እንጂ ዶሮው አይታወቅም። ዛሬ ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ ስድስተኛው ሳምንት። በየነ ዶሮውን ይጠጣል፣ ያወድሳል፣ እሷም ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ አብረውት በሚመጡት የእድሩ ሹማምንት ፊት ትነግረዋለች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ወጥ ቤት ገብታ ሽርጧን ታጠቀች። ብርቱካኑን ከተፈች፣ ቅሎቹን አጥባ ደረደረች፤ በዚያ ቤት መስካል የሚቀርበው በብርጭቆ ሳይሆን በመዳፍ በምትያዝ ትንሽ ቅል ነው። ዶኛ ከብርቱካኑ ጋር የትል ጨው አቅርቢላቸው አለቻት፤ የአጋቬ ትል ደርቆ ከጨውና ከቃሪያ ጋር የሚፈጭ ማጣፈጫ ነው። እታገኝ ጨዉን መልሳ ከደነችው። ትል ሥጋ ነው አይደለም ብለው ሲከራከሩ ይመሻል። ዶሮ ክርክር የለውም።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ገቡ። ባሮክ ፊት ፊት ይመራል፤ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ፣ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመቱ የሆነ ትሑት ልጅ ነው። አባቱ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ የእድሩን ዓርማ ደረቱ ላይ ሰክቶ ተከተለው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ሳይሆን አገር አስተዳድሮ የወረደ ነበር የሚመስለው። የእድሩ ጸሐፊ ጸጋአብ ወንበር ሳበለት፣ ገንዘብ ያዡ ካፖርቱን ተቀበለው፣ ሁለት የኮሚቴ አባላትም እሱ እስኪቀመጥ ቆመው ጠበቁ። ከሁሉም በኋላ በከዘራ እየተደገፉ እትዬ ወለተማርያም ገቡ።

እታገኝ እሳቸውን አየችና ትሪዋን መልሳ አስቀመጠች። ሰባት ሰው የሚለውን አንብባለች እንጂ ሰባተኛው ማን እንደሆነ አላሰበችም ነበር።

«ዳድ፣ ሪላክስ» ይላል ባሮክ። «ቼክ አድርጌአለሁ። ፕላንት ነው። ሃንድረድ ፐርሰንት ቪጋን።»

«ልጄ፣ አረቄ መቼ ጾም አስገድፎ ያውቃል?» አለ በየነ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። «ዘጠኝ ሰዓትም አልፏል። ቁም ነገሩ የሚያቀርበው ሰው ንጹሕ መሆኑ ነው። ጸጋአብ፣ የዚያችን ሴትዮ ጉድ ታስታውሳለህ? የቅቤዋን?»

«እንዴት ይረሳል፣ ሊቀመንበር!» ጸጋአብ ሳቀ። «እርስዎ ባይነቁ ሁለት መቶ ሰው አስገድፋን ነበር እኮ።»

«ተዉ እንጂ» አሉ እትዬ ወለተማርያም። «ባሏን የቀበረች ሴት ናት።»

«እትዬ፣ እኔ ለነፍሳችሁ ብዬ ነው» አለ በየነ፣ ቀና ሲል ከአጠገቡ የቆመችውን ባለ ጭምብል አየ። «እህቴ፣ አበሻ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ጎሽ። እስቲ ደህናውን አምጪልን። ከወገን የሚደበቅ ደህና ነገር መቼም አይጠፋም።»

«አይጠፋም» አለች እታገኝ።

መደርደሪያው ዘንድ ስትደርስ የበዓሉን ጠርሙስ አወረደች፣ ቡሹን ነቀለች፣ ጥቁሩን የሸክላ ማንቆርቆሪያ ከፊቷ አስቀመጠች። በዚህ ማንቆርቆሪያ ለሰባቱም ነው የሚቀዳው። ለእትዬ ወለተማርያም ሌላ፣ ለእሱ ሌላ ብላ መለየት አትችልም፤ አንድ ማዕድ ነው። የጠርሙሱን አንገት ማንቆርቆሪያው ላይ አሳርፋ ቆመች። ያን ቀን ከሁለት መቶ ሰው መካከል አንድ ሰው ብቻ የእሸቱን ተዝካር በላ። ለእኚህ ሴት ነው በሁዳዴ ሥጋ የምታጠጣው? እሷስ ራሷ ጾመኛ አይደለችም? እናቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉ ነበር። ቡሹን መልሳ ከደነችውና ጠርሙሱን ወደ ቦታው ሰደደችው።

ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሦስት ዓመት ከአራት ወር አብሯት ያደረው ቂም ደፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የጫካውን መስካል፣ ተክልና ውሃ ብቻ የሆነውን፣ ዶሮ በአጠገቡ ያላለፈውን፣ አውርዳ ማንቆርቆሪያውን ሞላችና ተሸንፋ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

ለሰባቱም ቀዳች። በየነ ቅሏን በሁለት ጣት አነሣ፣ ጎንጨት አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሃ! ይኼ ነው እንጂ!» አለ። «ይኼስ ጾም ያስወድዳል። እትዬ፣ ቀመሱት? ድገሚኝ እስቲ እህቴ።»

ደገመችው። ሦስተኛም ሰጠችው። ሁሉም ሊቀመንበሩን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱ ከወደደው እነሱም ወደዱት። እታገኝ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማ አየቻቸው። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር። እሱ ሲተፋ ተፉ። በየነ እኮ ቅቤ አላስፈለገውም ነበር። ቃል ብቻ ነበር ያስፈለገው። እና እሷ ምን ቆርጧት ነው ዶሮ የምትፈልገው?

«ለስለስ የሚያደርገው ነገር አለ» አለ በየነ ከንፈሩን እየላሰ። «ምኑ ነው?»

እታገኝ ጭምብሏን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችው።

«ዶሮው ነው፣ ጋሽ በየነ።»

«ምን አልሽ?»

«ዶሮ። ሲወጣ የዶሮ ደረት ውስጡ ይንጠለጠላል። እንፋሎቱ በሥጋው አልፎ ነው የሚወርደው። ሦስት ቅል ጠጡ እኮ።» «አንተ» ልትለው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን «እርስዎ» ሲሉት ይበልጥ እንደሚያቆስል ገብቷት በአክብሮት ያዘችው።

ያወቃት ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ከዚያ ቀለሙ ከፊቱ ሸሸ። ጸጋአብ በሳህኑ ላይ ተፋ። ገንዘብ ያዡ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ። ባሮክ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለ። «ዳድ፣ ኢትስ ሪል። እንደዚህ ዓይነት አለ። ሮ ቺክን ብሬስት ይላል።»

«ሐሰት!» ጮኸ በየነ። «የዶሮ ወሬ የለውም። ጣዕሙ ተክል ነው!»

«እስቲ ያሽትቱት» አለች እታገኝ። «ሽታው ይመሰክራል።»

በየነ ቅሏን ወደ አፍንጫው አቀረበ። አንድ ጊዜ ሳበ፣ ሁለተኛ ሳበ። ሰው አንዴ ከተነገረው በኋላ የማይሸተው ነገር የለም። ያልነበረው ዶሮ ሸተተውና ቅሏን ጠረጴዛው ላይ ጣላት። እታገኝ ቅሏን አንሥታ አቃናቻት። ደስ አላት፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ በጣም ደስ አላት።

«ሳላውቅ ነው!» አለ በየነ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ሳያውቁ የገደፉት አይቆጠርም። ትምህርቱ ይኼ ነው። ጸጋአብ፣ አይደለም እንዴ?»

«የባሌ ተዝካር ቀን ይኼን ትምህርት የት አስቀምጠውት ነበር?» አለች እታገኝ። «ያ ሁሉ ሰውስ አውቆ ነበር የጎረሰው?»

እትዬ ወለተማርያም ቅላቸውን አነሡ። እታገኝን ትክ ብለው አዩአት፤ ዓይኗን ሰበረች። አሮጊቷ የቀረችውን ጠጥተው ጨረሱና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እኔ ዶሮ አላየሁም» አሉ።

ባሮክ ግን ተቆጥቷል፤ ማኔጀር ጥሩልኝ አለ። ዶኛ ሊብራዳ እጇን እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣች። ልጁ በእንግሊዝኛ አጣደፋት፤ ቪጋን ብለን አዝዘን ነበር፣ አባቴ በጾሙ ላይ ነው፣ ይኼ መጠጥ ዶሮ አለበት ወይስ የለበትም? ዶኛ ማንቆርቆሪያውን አነሣችና አሸተተችው። የወንድሟን እጅ ለማወቅ ከዚያ በላይ አያስፈልጋትም። ዓይኗ ወደ እታገኝ ዞረ፣ እዚያው ቆየ። ያ ዓይን የሚናገረውን እታገኝ አነበበችው፤ ገደል ላይ ሃያ ዓመት የቆየውን ተክል በአንድ ቃል ዶሮ አደረግሽው ነው የሚለው። ሥራዋን በዚያች ደቂቃ እንደምታጣ ቆርጣ ጠበቀች።

«የቀዳችላችሁ እሷ ናት» አለች ዶኛ በመጨረሻ። «እሷን ጠይቋት። ሒሳብ አያስፈልግም።» ወደ እታገኝ ጠጋ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔና አንቺ ነገ እንነጋገራለን» ብላ ገባች።

ካፖርት ተለበሰ። ጸጋአብ ወንበር ለመሳብ ቀርቶ ሊቀመንበሩን አልጠበቀውም፤ ከኮሚቴዎቹ ጋር እየተንሾካሾከ ወጣ። ማታ ስልክ ሲደዋወሉ ማን ምን እንደሚል እታገኝ ልቧ ያውቃል፤ እሷም ከዚያ ስልክ የተረፈች ሴት ናት። እትዬ ወለተማርያም ሲያልፉ ክንዷን ጨበጥ አደረጓት፣ ምንም አላሏትም። በየነ ልጁን መኪናውን አሙቅ ብሎ ላከውና ብቻውን ቀረ።

እሷ ቅሎቹን መሰብሰብ ጀመረች። እሱ የካፖርቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ መልሶ ይፈታል።

«እታገኝ» አለ። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። «ሰው የለም። እውነቱን ንገሪኝ። ዶሮ ነበረበት?»

አንዷን ቅል በሌላዋ ላይ ደረበች።

«ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። ለፋሲካ ልቆርብ ነበር። ምን ብዬ ነው የምቀርበው? ንገሪኝ እባክሽ።»

«እርስዎ ያን ቀን እኔን ጠይቀውኝ ነበር?»

«አልጠየቅሁሽም።»

«አሁን ይጠይቁኝ።»

በየነ ወደ መስኮቱ አየ። ውጭ ከጣውላው አጥር ወዲያ ባሮክ መኪና ውስጥ ሆኖ ወደዚህ ያያል።

«ቅቤ ነበረበት?» አለ።

«አልነበረበትም። ዘይት ነው። በኮሰረት የተነጠረ ዘይት።»

«አውቃለሁ።»

እታገኝ ቀና አለች።

«ያንኑ ቀን ማታ ነው ያወቅሁት» አለ በየነ። ድምፁ የሊቀመንበር መሆኑ ቀርቷል። «ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ የዘይቱን ጀሪካንና የኮሰረቱን ላስቲክ አይታ ነበር። ነገረችኝ። እናቴ ቅቤዋን የምታነጥረው በኮሰረት ነበር፤ ሽታው ቅቤ መሰለኝ። ግን ማይኩን ይዤ ተናግሬ ነበር። ሁለት መቶ ሰው አስነሥቼ እንዴት ልመለስ? ሊቀመንበር ነኝ እኮ።»

እጇ ላይ ያለችውን ቅል እንዳትሰብራት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ተሳስቶ ነው ብላ አንድ ሌሊት እንኳ አስባ አታውቅም ነበር፤ ተሳስቶ ኖሮ፣ አውቆት ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ «ቅቤዋ» እያለ ይስቅ ነበር። ደስታዋ ሁሉ ደረቀ። የተረፋት ንዴት ብቻ ነው፣ ንዴቱም አሁን ቀዝቃዛና ጽኑ ነበር።

«እድሩ መቼ ነው የሚሰበሰበው?» አለችው።

«በሆሳዕና ማግሥት… የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ሰኞ።»

«ማይክሮፎኑ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ይያዙት። አሁን ለእኔ የነገሩኝን ለእነሱ ይንገሩ። የባሌን ስም ጠርተው፣ የእኔንም ስም፣ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ጠርተው ይንገሩ። ከዚያ ይምጡ። ስለ ዶሮው ያኔ እነግርዎታለሁ።»

በየነ የካፖርቱን ቁልፍ እንደያዘ ቆመ።

«ባልነግራቸውስ?»

እታገኝ ቅሎቹን ትሪው ላይ ደረደረች፣ ትሪውን አነሣች።

«ካልነገሯቸውማ» አለችው፣ «ገድፈዋል።»